ሀጁ ከካርቱም ያመጧቸው የሽቦ ጎማዎች

ሽማግሌው መጀመሪያ ወደ ወርሻዬ፣ ወደ መጠገኛ ቤቴ፣ የመጡ ዕለት እኔ አንድ አሮጌ ሎሪ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነበር። ስለዚህ ከሰውየው በፊት ያየሁት ጫማቸውን ነው። ጥቁር፣ በደንብ የተወለወለ ጫማ ነበር። ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ ያውም አፈሩና የተቃጠለ ዘይቱ ተላቁጦ መሬቱ እንደ ሬንጅ በሆነበት ጋራዥ ሰፈር፣ ጫማውን ወልውሎ የሚመጣ ሰው የለም። በጦርነቱ ከካርቱም የተፈናቀለ ሰው መሆኑን ከዚያው ከሥር ሆኜ አወቅሁ። ከተማው በተፈናቃይ ሞልቶ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ሰው ይተኛባቸዋል፤ በአንድ ግቢ አራት አምስት ቤተሰብ ይኖራል፤ የውሃ በርሜል የሚጎትቱት አህዮች እንኳ ማረፊያ አጥተው ነበር።

"ኡስጣ፣ ጊዜ ካለህ አንዲት መኪና እንድታይልኝ ነው" አሉ፣ መካኒክ በሚጠራበት ስም።

ከተኛሁበት ሳልነሣ የምን መኪና እንደሆነች ጠየቅኋቸው። መውጣት ደክሞኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ሁሉ ነገር ይደክመኝ ነበር። ወገቤ ከጠዋት ጀምሮ ያመኛል፤ ሰው ሰላም ሲለኝ መልሼ ሰላም ማለቱ ራሱ እንደ ሥራ ይቆጠርብኛል። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አስረዱኝ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ለሩጫ የተሠራች የእንግሊዝ መኪና ናት። ከእሳቸው ጋር ሃምሳ ዓመት ኖራለች። ምኗ እንደተበላሸ ስጠይቃቸው ምንም እንዳልተበላሸ ነገሩኝ። የሚፈልጉት የብረት ጎማዎቿን አውልቄ እንደ ብስክሌት በሽቦ የተወጠረ የሽቦ ጎማ እንድገጥምላት ነው።

ያኔ ወጣሁ። ቤንዚን በጀሪካን ተደብቆ በሚሸጥበት ጊዜ፣ ደህና ጎማ አስፈትቶ ለውበት ሌላ ጎማ የሚያስገጥም ሰው መልኩ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነው። ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ናቸው። እያዩኝ የሚያዩኝ አይመስሉም ነበር፤ መነጽራቸው መንገድ ላይ እንደጠፋባቸው በኋላ ነው የሰማሁት። አይሆንልኝም አልኳቸው። ዝናቡ ሳይገባ የማደርሳቸው ትራክተሮች አሉብኝ አልኩ። ውሸቴን ነበር። ከሀዋታም ከቁረይሻም የሚመጣው ትራክተር በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ጃዝ፣ ማለት ናፍጣ፣ ስለጠፋ ባለእርሻዎቹ ራሳቸው ያርሱ አያርሱ ገና አልወሰኑም።

ሽማግሌው አልተከራከሩኝም። ዱላቸውን አንሥተው ሊሄዱ ሲሉ ግን፣ የሽቦ ጎማ የሚያቃና ሰው እዚህ ከተማ አንተ ብቻ ነህ ብለውኝ ነው የመጣሁት አሉ። በወጣትነታቸው ኸሽም ኤል ቂርባ የመስኖ ቦይ ቀያሽ ሆነው እንደሠሩ፣ ያኔ ሠራተኛው ሁሉ በብስክሌት ይሄድ እንደነበር፣ የብስክሌታቸው ጎማ ሲወላገድ ገበያው ውስጥ ለአንድ ሀበሻ ይሰጡት እንደነበር ነገሩኝ። የሰውየው መልክ ትዝ አይላቸውም። ሽቦዎቹን በካቻቢቴ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጥ እንደነበር ግን ያስታውሳሉ።

ያ ሰው አባቴ ይሁን ሌላ አላውቅም። አባቴ ከጎንደር በታች ካለው ቆላ እኔን የአሥር ዓመት ልጁን ይዞ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ኸሽም ኤል ቂርባ ገበያ ብስክሌት እየጠገነ ነው ያሳደገኝ። እሱም በድምፅ ነበር የሚሠራው። የላላው ሽቦ ድምፁ የፈዘዘ ነው፤ የተወጠረው ይጮኻል፤ ሁሉም እኩል ድምፅ ሲሰጡ ጎማው ቀጥ አለ ማለት ነው። ብዙ ሀበሻ ይህን ያውቅ ነበር፣ ስለዚህ ለሽማግሌው ምንም አላልኳቸውም። ሁለት ቀን ቆይቼ ግን ቤታቸውን ጠይቄ ሄድኩ።

የተከራዩት ከሶመዓው፣ ከትልቁ የእህል ጎተራ ማዶ፣ አንድ ክፍልና በረንዳ ነው። መኪናዋ ኒም ዛፍ ሥር በብርድ ልብስ ተሸፍና ቆማለች። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉልኝ። ቁመቷ ከወገቤ አያልፍም። አረንጓዴ ቀለሟ ብዙ ቦታ ላይ ተልጧል፤ በግራ በኩል ያለው ፓራፋንጎ ላይ የተሰነጠቀ ነገር አለ፣ ከመደኒ ከተማ ሲሸሹ የሰው ጋሪ ገጭቷት ነው። መሪዋ በቀኝ ነው። ሱዳን በግራ መንገድ ይነዳ በነበረበት ዘመን የገባች ናት።

የሽቦ ጎማዎቹ ያሉት ክፍሉ ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ በእንጨት ሳጥን ነበር። ሳጥኑን ለሁለት ጎትተን ማውጣት አቃተን። ባለቤታቸው መጡና በሩን ይዘው ቆመው ያዩን ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌውን ሀጁ፣ እሳቸውን ኡስታዛ፣ መምህርት፣ ነው የሚላቸው፤ ካርቱም ሴቶች ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ነው ጡረታ የወጡት። አጠር ያሉ፣ የሚጠቀለሉበትን የሱዳን ልብስ፣ ቶባቸውን፣ ጥብቅ አድርገው የሚለብሱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው።

የሳጥኑን ታሪክ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ባላቸው ባሉበት። ጎማዎቹን ሀጁ የገዟቸው ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ካርቱምን ለቆ ይሄድ ከነበረ አንድ የውጭ ሰው ነው። አምስት ጎማ፣ ከነማያያዣ ብረቶቹ። በሚመጣው ወር እገጥማቸዋለሁ ብለው አልጋ ሥር ከተቷቸው፣ ከዚያ ሥራ በዛ፣ ልጆች መጡ፣ ልጆች አድገው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገር ሄዱ፣ ሳጥኑ እዚያው ቀረ። ኡስታዛ ክፍሉን በጠረጉ ቁጥር የእግራቸው ጣት ከሳጥኑ ጋር ይጋጭ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ዘመድ ወደ መደኒ በሚሄድ ሎሪ ላይ ትንሽ ቦታ ሰጣቸው። ሁለቱ በመኪናዋ፣ ዕቃው በሎሪው። ሀጁ ያን ሳጥን ጫኑ። የኡስታዛ እናት የመዳብ ትሪዎችና የልብስ ስፌት መኪናቸው ቦታ አልበቃም ተብሎ ቀሩ። ከስምንት ወር በኋላ መደኒም አልሆነም፤ እንደገና ሲሸሹ እንደገና ያው ሳጥን ተጫነ።

ሀጁ ይህ ሁሉ ሲነገር መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ኡስታዛ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉኝ፦

"በመኪናዋ ቂም የለኝም፣ ሁለት ጊዜ ከሞት አውጥታናለች። ሳጥኑ ነው። ካመጣነው አይቀር ግጠመው። እንዲያው በከንቱ አልተሸከምነውም ልበል።"

እሺ ያልኩት ለእሳቸው ነው።

አምስቱን ጎማዎች በሩክሻ፣ በባጃጅ፣ ጭኜ ወደ ወርሻዬ ወሰድኳቸው። በጋዜጣ ተጠቅልለው ስለኖሩ ከላይ ሲያዩዋቸው ደህና ይመስላሉ። አቧራቸውን ስጠርግ ግን ዝገቱ ወጣ። አንድ ጎማ ላይ ያሉት ሽቦዎች፣ እኛ ሲልክ የምንላቸው፣ ሰባ ሁለት ናቸው። መሐል ካለው ሞዞ ተነሥተው እየተጠላለፉ ዳር እስካለው ቸርኬ ድረስ ይሄዳሉ፤ የመኪናው ክብደት በሙሉ የተንጠለጠለው በእነሱ ላይ ነው። እንደ አባቴ በካቻቢቴ እየመታሁ አዳመጥኳቸው። ግማሾቹ ምንም ድምፅ የላቸውም። አንዳንዶቹ ገና ስነካቸው ተሰበሩ።

እንዲህ ዓይነት ሲልክ ገዳሪፍ ይቅርና ካሰላም አይገኝም። የሞተር ብስክሌቱ ይቀጥናል። ለሀጁ ያለው መንገድ አንድ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ከአምስቱ በጣም የተጎዳውን አፍርሼ ደህና ሲልኮቹን ለአራቱ አካፍላለሁ፣ ትርፍ ጎማ ግን አይኖርም። ትርፍ ጎማ ይዤ የት ልሄድ ነው አሉኝ።

ጾሙ ገባ። ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሰኞ ነው የገቡት። ከተማው ቀን ቀን ጸጥ ይላል፣ ሙቀቱ ከቆርቆሮው ጣሪያ ተነሥቶ ራስ ላይ ይቀመጣል። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት እችል ነበር፣ ነገር ግን ጎረቤቶቼ በሙሉ አፋቸው ደርቆ እየሠሩ ብቻዬን መጠጣቱ ስለማይሆንልኝ ፀሐይ እስክትጠልቅ እቆያለሁ። ጠዋት አንድ ጎማ ግንድ ላይ አስሬ ከፊቱ እቀመጣለሁ። አሽከረክራለሁ። በግራ ሲያብጥ የቀኙን ሲልክ አጠብቃለሁ፣ ከላይ ሲያብጥ የታችኛውን አላላለሁ። አንዱን ሳቃና ሌላው ይወላገዳል። የብስክሌት ጎማ በአንድ ጠዋት የምጨርስ ሰው አንዱን የመኪና ጎማ አምስት ቀን ፈጀሁበት። ጣቶቼ ጫፋቸው ተሰነጣጠቀ። ቤት ስገባ ባለቤቴ እጄን በቫዝሊን እያሸች፣ ሰው አገሩ በሚፈርስበት ዘመን አንተ በሽቦ ጎማ ትጫወታለህ ትለኛለች። ልጄ ነርስነት እየተማረች ዩኒቨርሲቲዋ ተዘግቶባት ቤት ነበረች። ዐረብኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለች፣ "ባባ፣ ኻላስ፣ በቃ፣ ለምን አንሄድም?" ትለኛለች። ወዴት እንደምንሄድ እጠይቃታለሁ። በእኛ በኩልም፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ተኩስ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወራሁ ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። እጄ እየደማ ጎማው ፊት የተቀመጥኩባቸው ሰዓቶች የዚያ ዓመት ዕረፍቴ ነበሩ። ስለሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም ነበር።

አራቱ ሲያልቁ፣ የሲልኮቹ ጫፍ የውስጥ ጎማውን እንዳይበሳ አንድ በአንድ ሞረድኳቸው፣ ከአሮጌ የሎሪ ጎማ ቀዳድጄ ያወጣሁትን የላስቲክ መቀነት በቸርኬው ውስጥ አለበስኩ። ከዚያ ሀጁ ግቢ ውስጥ ገጠማው መጣ። የብረቱ ጎማ በአራት ብሎን ነው የሚታሰረው። የሽቦው ግን ብሎን የለውም። መጀመሪያ ጥርስ ያለው ማያያዣ ብረት በአሮጌው ሞዞ ላይ ይታሰራል፣ ጎማው በጥርሱ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ መሐል ላይ ሁለት ጆሮ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ይገባና በመዶሻ ጆሮውን እየመቱ ያጠብቁታል። አንድ ጎማ በአንድ ዳዶ። አሮጌዎቹ ብሎኖች ግን ረዝመው ጎማውን ከውስጥ ስለሚነኩት መቆረጥ ነበረባቸው። ከተቆረጡ በኋላ የብረቱ ጎማ አይመለስም። ይህን ለሀጁ በደንብ አስረዳኋቸው። ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ የተቀመጡትን ባለቤታቸውን አዩ። "ቁረጠው" አሉኝ ሀጁ። በሴጌቶ፣ በብረት መጋዙ፣ ቆረጥኳቸው።

ስሕተቱን የሠራሁት በማግስቱ ነው።

ማያያዣዎቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ዳዷቸው ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ። ይህም የሆነበት ምክንያት አለ፤ ጎማው ሲሽከረከር ዳዶውን ይዞ እንዳይፈታው ነው። ዳዶዎቹ ላይ የትኛው በየት በኩል እንደሚገባ ተጽፎ ነበር፣ ነገር ግን በዘመናት የመዶሻ ምት ጽሕፈቱ ጠፍቷል። ኡስታዛ ከመኪናዋ ጋር የመጣ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፉ ስለዚህ የሚለው ካለ ላንብብልህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያስፈልግም አልኳቸው። እኔ አርባ ዓመት ሎሪ የፈታሁ ሰው ነኝ። የድሮዎቹ ሎሪዎች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖቻቸው ወደ ግራ ነው የሚጠብቁት፣ በቀኝ በኩል ያሉት ወደ ቀኝ። ይህን ልጅ ሆኜ የተማርኩት ነው፣ ተኝቼም እሠራዋለሁ። ወደ ግራ የሚጠብቀውን በግራ፣ ወደ ቀኝ የሚጠብቀውን በቀኝ ገጥሜ በመዶሻ አጠበቅሁ። ኡስታዛ መጽሐፉን ዘግተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሀጁና እኔ ልንሞክራት ወጣን። እሳቸው በቀኝ መሪውን ይዘው፣ እኔ በግራ። ከተማው ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞርን። መነጽር ባይኖራቸውም መንገዱን በደንብ ነው የሚነዱት፤ ሩቁ አይጠፋባቸውም፣ ቅርቡ ነው። ሰው ቆሞ ያየናል። ወደ ገላባት የሚወስደውን መንገድ ያዝን። ፍተሻው ላይ የነበረው ወታደር መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያትና በእጁ እለፉ አለን። የሀጁ ትከሻ ወርዶ ነበር፤ መጀመሪያ ወርሻዬ ሲመጡ ጆሯቸው ድረስ ተሰቅሎ ያየሁት ትከሻ።

ከፍተሻው ትንሽ እንደራቅን ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሲልኮቹ ቦታቸውን እየያዙ ነው አልኳቸው። አዲስ የተወጠረ የብስክሌት ጎማም መጀመሪያ ላይ እንዲህ ይላል። ድምፁ ፈጠነ። ላስቆማቸው አፌን ስከፍት መኪናዋ በእኔ በኩል ዘፍ አለች። ፊት ለፊታችን አንድ የሽቦ ጎማ ብቻውን መንገዱን ይዞ ሲሮጥ አየሁ። በፀሐዩ እያብለጨለጨ ቀድሞን ሄደ፣ ከአስፋልቱ ወጣ፣ ሰሊጥ ታጭዶ ባዶ ወደቀረው ማሳ ገብቶ ሩቅ ድረስ ተንከባለለ። እኛ የፍሬኑ ታምቡር አስፋልቱን እየፋቀ ጥቂት ተጎትተን ቆምን።

ማንም አልተጎዳም። ቀስ ብለው ይነዱ ስለነበር ነው። ወዲያው ከኋላችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈን። ትንሽ ፈጥነን ቢሆን፣ ወይም ያ ጭነት መኪና ከፊት ለፊት የሚመጣ ቢሆን፣ ይህን የሚያወራ ሰው አይኖርም ነበር። ሀጁ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት እያዩ ቀሩ። ደህና መሆናቸውን ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድንገት፣ ለኡስታዛ ምን እንላታለን አሉኝ።

ጎማውን ላመጣ ወረድኩ። የማሳው ጥቁር አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ እግር ይውጣል። የሰሊጡ አገዳ ቁርጥራጭ ቁርጭምጭሚቴን ይወጋኛል። ጎማው ከታየኝ በላይ ሩቅ ነበር። ደርሼ ሳነሣው ክብደቱ ከበደኝና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም። ብዙ ነገር አሰብኩ፤ ሰውየው ከሁለት ጦርነት አምልጠው በእኔ እጅ ሊሞቱ እንደነበር፣ ዳዶው ለምን እንደተፈታ ገና እንዳልገባኝ፣ ወገቤን፣ ልጄን። አልቅሼ ነበር ብል ውሸት ነው። ከዚያ ጎማውን እያንከባለልኩ ወደ መንገዱ ተመለስኩ።

ዳዶውን ያገኙልን በእግር ከቁረይሻ የሚመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው። የሁመራ አካባቢ ሰዎች ነበሩ፣ ለአጨዳ መጥተው መንገዱ ሲዘጋባቸው የቀሩ። አንደኛው ዳዶውን ከመንገዱ ዳር አንሥቶ አመጣልኝና፣ "ወንድሜ፣ ይኸ የናንተ ነው?" አለኝ። መኪናዋ ቀላል ስለሆነች ሁለቱ በእጃቸው ከፍ አድርገው ያዙልኝ፣ ጎማውን ሰካሁት፣ ዳዶውን በድንጋይ መታሁ። የመኪናዋን ሌሎች ዳዶዎች በእጄ ስነካቸው ሁሉም ላልተዋል። በዚያው ተመለስን፤ በየመቶ እርምጃው እየወረድኩ አራቱን እየመታሁ። ጠዋት የወጣን ሰዎች ቤት የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው።

ኡስታዛ ውጭ ቆመው ይጠብቁን ነበር። የተፋቀውን ታምቡር፣ አፈር የለበሰውን ጎማ፣ የእኔን እግር አዩ። ሀጁ የሆነውን ሁሉ ሳይቀንሱ ነገሯቸው። ሲጨርሱ እኔ ከፊታቸው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

"ኡስታዛ፣ መጽሐፉን ላንብብልህ ብለውኝ ነበር" አልኩ።

"አሁን ላንብበው?" አሉኝ።

"ያንብቡት።"

ቁጣም ስድብም ጠብቄ ነበር። ገብተው መጽሐፉን አመጡ፣ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ገጹን ፈለጉ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ለራሳቸው አነበቡት፣ ከዚያ በዐረብኛ ቀስ ብለው፣ ተማሪ እንደሚያስጠኑ፣ ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። በአንድ ዳዶ የሚታሰር ጎማ ከሎሪው ተቃራኒ ነው። በመኪናው ግራ በኩል ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቀው፣ በቀኝ በኩል ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቀው ይገባል። ሌላ ምንም የለም። ሁለት መስመር ናት። አርባ ዓመት የማውቀውን ያወቅሁት ለሎሪ እንጂ ለዚች መኪና አልነበረም።

ሀጁ ሳቁ። ከልባቸው አልነበረም፣ ትንፋሽ የወጣ ዓይነት ሳቅ ነው። ከዚያ፣ ባለቤታቸውን ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

"መጫን የነበረብኝ ትሪዎቹን ነበር" አሉ።

ኡስታዛ መጽሐፉን አልዘጉም። እኔ ልሂድ አልሂድ ጨንቆኝ ቆሜ ቀረሁ። "አዎ፣ እነሱን ነበር" አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ለእኔ፣ ታምቡሩ ውስጡ ደህና መሆኑን ማየት አለብህ፣ መጽሐፉ ስለሱም የሚለው አለ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ሳያነቡልኝ አንድም ብሎን አልነካሁም። የተጣመሙትን ስድስት ሲልኮች ካፈረስኩት ጎማ በተረፉት ቀየርኩ። ማያያዣዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩ። የተፋቀውን ታምቡር አንድ የማውቀው ሰው በቶርኖ አስተካከለልኝ። ከዚያ ብቻዬን ያንኑ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ፣ በየጊዜው እየወረድኩ ዳዶዎቹን እየነካሁ። እንደ መጀመሪያው ቀን የላላ አልነበረም። እንዲያውም በሄድኩ ቁጥር ይበልጥ ጠብቀው አገኘኋቸው።

የኢድ ዕለት ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ኡስታዛ አዲስ ቶብ ለብሰው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለቱ ከተማው ዳር ካለው ኮረብታ ሥር ድረስ ሄደው መጡ። ሲመለሱ ምን ይመስል እንደነበር ኡስታዛን ብጠይቃቸው ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ነፋሱም ፀጉር ያበላሻል አሉኝ። ግን ወዲያው አልወረዱም። እዚያው ተቀምጠው ለጎረቤት ልጆች ከረሜላ ያድሉ ነበር፤ እኔ ጾሜ ስላላለቀ ቤቴ ይዤው የምሄደውን ለብቻ ቋጥረው አስቀምጠውልኛል።

ከዚያ በኋላ ያን ያህል አልተነዳችም። ዝናቡ ገባ፣ የገዳሪፍ ጭቃ ደግሞ ለሎሪም አይመለስም። ከሲንጃ በኩል አዲስ ተፈናቃይ ጎረፈ። ያ ግቢ ሦስት ተጨማሪ ቤተሰብ ተቀበለ፣ መኪናዋ ላይ ልብስ ይሰጣ ጀመር። ሲልኮቹ እንደገና ዝገት ያዙ። በየሳምንቱ እየሄድኩ በዘይት እጠርጋቸው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ሀጁ ወንበር አውጥተው አጠገቤ ይቀመጡና ስለ ቦዮቹ ያወሩኛል፤ የቱ ጋ መሬቱ እንዳስቸገራቸው፣ ውሃው መጀመሪያ የገባ ቀን ሰዉ እንዴት ከኋላው እየተከተለ እንደሮጠ።

ካርቱም መግባት ይቻላል የተባለው በሁለተኛው ዓመት ነው። ቤታቸው በር የለውም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው እንኳ ከግድግዳው ተመዝዞ ተወስዷል ብሎ የሀጁ ወንድም ልጅ ደውሎ ነገራቸው። ቢሆንም እንሂድ አሉ። መኪናዋን ሎሪ ላይ የጫንኳት እኔ ነኝ። ከጎማዎቹ በታች በጆንያ የተሞላ አሸዋ አደረግሁ፣ ሲልኮቹን እንዳይቆርጥ ገመዱን በሞዞው በኩል ሳይሆን በአካሏ በኩል አሰርኩ። ኡስታዛ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ሀጁ ከመውጣታቸው በፊት እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። የሁለታችንም እጅ ሻካራ ነው። ከዚያ ሾፌሩ ቸኮለ፣ ደግፌ አወጣኋቸው፣ ሄዱ።

አቧራው እስኪረጋ መንገዱ ላይ ቆየሁ። ልጄ ያን ዕለት አብራኝ ነበረች፤ ሰዎቹ እኮ ተመለሱ አለችኝ። አዎ አልኳት። እኛስ መቼ የሚለውን አልጠየቀችኝም፣ እኔም አላነሣሁትም። ወርሻው ላይ ከሀዋታ የመጣ ትራክተር የፊት ኩሽኔቱ ተሰብሮ ይጠብቀኝ ነበር። ባለቤቱ ጥላ ሥር እንቅልፍ ወስዶታል። እንዲያርፍ ተውኩትና ክሪኩን ሥሩ አስገባሁ።